ፎርማት ያልተደረገው ላፕቶፕ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 15

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ደብረ ታቦር የመጣሁት በወረታ በኩል ነው። ከፎገራ የሩዝ ማሳ ተነሥተሽ ሽቅብ ስትወጪ ብርዱ መንገድ ላይ ይቀበልሻል። ቡሄን፣ ማለትም የደብረ ታቦርን በዓል፣ እዚህ በስሙ በሚጠራው ከተማ ማሳለፍ ደስ ይላል፤ የጉና ተራራ ግን በጉም ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

የአክስታችንን ልጅ ላፕቶፕ ነገር ላጫውትሽ። ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው የተጫኑበት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው በኡቡንቱው በኩል ነው። አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ያረጀው ባትሪም አልያዘለትም። ከዚያ ወዲህ ኡቡንቱን ሲመርጥ ስክሪኑ ጨለማ ብቻ ሆነ። የወሰደበት ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» አለው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። የልጁ ድካም ሁሉ እዚያው ዲስክ ላይ በደኅና ተቀምጦ ሳለ ምኑ ተነክቶ ነው የሚጠፋው? የተጓደለው ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው። አዲስ ከርነል (የኡቡንቱ እምብርት) ሲገባ ድራይቨሩም ለእሱ እንደገና መዘጋጀት አለበት፤ መብራቱ የሄደው እዚያ መሃል ላይ ነው።

በመጀመሪያ ጽሑፉን አተረፍን። ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ከአዲስ አበባ ይዤ መምጣቴ በጀ፤ ከ5 ጊጋባይት በላይ በስልክ ዳታ ማውረድ የሚሞከር አይደለም። በሴፍ ግራፊክስ ከፍላሹ አስነሥተን ፋይሎቹን ገለበጥናቸው።

ቀጥሎ ግረብ የሚባለው መምረጫ ሲመጣ ኡቡንቱ ላይ ቆመን የ«ኢ» ቁልፍን ተጫንን። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት ብሎ እንዲጽፍ ነገርኩት፤ ከዚያ ኤፍ 10። ይህች ቃል ከርነሉ የስክሪኑን አሠራር እንዳይቀይር፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በነበረው እንዲቀጥል ታደርገዋለች። ምስሉ መጣ! ፊደሉ ገዝፎና ደብዝዞ ነው፣ ግን መጣ። ልጁ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

ኖሞድሴት ግን እንዲህ ስትጻፍ ለዚያች ጊዜ ብቻ ናት፣ ጥገና አይደለችም። ተርሚናል ከፍተን ፕሮግራሞችን የሚጭነው ዲፒኬጂ ያቋረጠውን ሁሉ እንዲጨርስ አዘዝነው። የሚጫነው ሁሉ ቀድሞ ስለወረደ ኢንተርኔትም አላስፈለገን። ሪስታርት ስናደርገው ስክሪኑ ጥርት ብሎ ተከፈተ።

ዊንዶውሱ ደግሞ ሰዓቱን በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ያሳይ ነበር። ልጁ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ መስሎት ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ የግሪንዊችን ሰዓት ይመዘግባል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። ኡቡንቱው በአገር ሰዓት እንዲመዘግብ አደረግነውና ተስተካከለ።

በማግሥቱ ጋፋት ወሰደኝ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ የተጎተተው ያ መድፍ፣ መድፍ ሠርተው በማያውቁ ሚሲዮናውያን እጅ፣ በሙከራና በውድቀት ነው የተሠራው። ልጁ መንገዱን ሙሉ ስለ ከርነል ሲጠይቀኝ ነበር። ለጓደኞቹ እንዲያሳያቸው ያደረግነውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ጽፎታል።

ያንቺም ላፕቶፕ ሁለቱም ስላሉበት ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርታፕን አጥፊው። እሱ ካለ ዊንዶውስ ዘጋሁት ስትዪው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያኔ ኡቡንቱ የዚያን ወገን ፋይሎች ያነባል እንጂ አይጽፍባቸውም። ፎቶዎችሽንም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ፣ ዛሬውኑ። አክስታችን ለእማማ የጉና ገብስ አዘጋጅታለች፤ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ።

ወንድምሽ