የቅዳሜ መኪና፣ የሰኞ መኪና

ቅዳሜ ጠዋት ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብለው ወደ ቨርጂኒያ ገጠር የሚዘልቁት መንገዶች ሌላ መልክ ይይዛሉ። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ልብስ ለብሰው የከረሙ ፖርሸዎች፣ ኮርቬቶችና ማዝዳ ሚያታዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። በሥራ ቀን ካምሪ የሚነዱ፣ ኡበር የሚሠሩ ወይም ሆስፒታል አዳር ተረኛ የሆኑ ሐበሾችም ከነጂዎቹ መካከል አይጠፉም። በልጅነታቸው መጽሔት ላይ ያዩትን መኪና ዕዳቸውን ከፍለው፣ ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ የገዙ ናቸው። ሊገዙ ሲነሡ የሚያከራክራቸው ነገር አንድ ነው፦ መኪናው ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሁን ወይስ ሰኞም ሥራ ያድርስ?

ይኸው ነገር አዲስ አበባ ላይ ቢነሣ የሚመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። «ለሁለት ቀን ብቻ መኪና? በምን ሒሳብ?»

አገር ቤት መኪና የሚገዛው ብዙ ሥራ ታስቦለት ነው። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ቀን ቢሮ ያመላልሳል፣ ማታ ራይድ ይሠራበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ደግሞ የዘመድ ሁሉ መጓጓዣ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዓመታት በፊት የተገዛ ቪትዝ ዛሬ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ቢሸጥ የሚገረም የለም። እንዲህ ያለውን ንብረት አምስት ቀን አቁሞ ሁለት ቀን ለመዝናኛ ማውጣት ለብዙ ቤተሰብ አይዋጥለትም፤ ደግሞም ልክ ነው።

የስፖርት መኪና ከታክስ ሕጉም ጋር አይስማማም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ የቤት መኪናን በሞተሩ መጠን ይለየዋል፤ እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ 100 በመቶ። ያገለገለ መኪና ሲሆን ታክሱ እንደ ዕድሜው እየከበደ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከሉበት፣ አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሚደፍረው ባለ 2000 ሲሲ ሚያታ አዲስ አበባ ሲደርስ የባለጸጋ ዕቃ ይሆናል። ይህም የድሮ ሒሳብ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸውን አስታውቋል። «አንድ ቀን ስገባ ይዤው እገባለሁ» እያለ ሙስታንግ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይህን ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ ያለው ሐበሻ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጀርመን የቅዳሜን መኪና በሕግ የምታውቅ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ወቅታዊ ሰሌዳ የሚባል ነገር አለ። ባለመኪናው በዓመት ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ወር መርጦ ያስመዘግባል፤ የመረጣቸው ወራትም በሰሌዳው ቀኝ ጫፍ ላይ በትንንሽ ቁጥሮች ተደራርበው ይጻፋሉ። ከላይ 04፣ ከታች 10 የሚል ሰሌዳ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ያገለግላል። ግብሩም ኢንሹራንሱም የሚታሰበው ለእነዚያ ወራት ብቻ ነው። ከወቅቱ ውጭ ግን መንዳት ቀርቶ መንገድ ዳር ማቆምም ክልክል ስለሆነ የግል ማቆሚያ የሌለው ሰው አይሞክረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አንድን ሰሌዳ በሁለት መኪኖች ላይ እያፈራረቁ መጠቀም ተፈቅዷል።

መንዳት ያማረው ሰውም መሄጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው በጫካ የተከበበ የውድድር መንገድ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ መኪና ያለው ሁሉ ከፍሎ ይገባል። የቤተሰብ መኪናም ፖርሸም እዚያው ይዞራሉ። ዳገቱና ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ሰው ስለ መኪናው ፍሬን እውነቱን የሚያውቀው እዚያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቅዳሜን መኪና ከሰኞው የሚለየው በዋናነት ኢንሹራንስ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚወጡ መኪኖች የሚሸጥ ልዩ ውል አለ፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከተለመደው ይቀንሳል። የተለመደው ቅድመ ሁኔታ ቤቱ ውስጥ ሌላ የዕለት መኪና መኖሩና ይኸኛው ለሥራ መመላለሻ አለመዋሉ ነው። በዚህ ውል የገባ ሰው አንድ ሰኞ ካምሪው አልነሣ ብሎት በስፖርት መኪናው ሥራ ሲሄድ ቢጋጭ፣ ጉዳቱን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ «ቅዳሜ ወይስ ሰኞ» የሚለው ውሳኔ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ማለቅ ያለበት ነገር ነው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ግን የፈረስ ጉልበት ሲቆጥር ነው፤ ሕጉ ያን ጉልበት መንገድ ላይ አያስወጣም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል አስበልጦ መንዳት፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ቢሆን ከ85 ማይል ማለፍ፣ በግዴለሽነት የመንዳት ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። የዜግነት ማመልከቻው በሂደት ላይ ላለ ሰው የወንጀል መዝገብ ምን እንደሚያመጣ ማንም አይስተውም። በቅዳሜ ነጂዎች ዘንድ የሚወደደው ስካይላይን ድራይቭ ደግሞ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጋራ ጫፍ ላይ 105 ማይል ይጓዛል፤ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። ከ450 በላይ ፈረስ ጉልበት ላለው ባለ ቪ8 ሙስታንግ ያ ፍጥነት በአንደኛ ማርሽ የሚያልቅ ነው። ነጂው ቀኑን ሙሉ መኪናውን ሲይዝ ይውላል።

ሚያታ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ አውቶ ሾው የወጣው ይህ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮን ደርሷል። የአሁኑ አሜሪካ የሚሸጠው 181 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ማርሽ መቀየሪያው አጭር ነው፤ የእጅ አንጓን ብቻ አጠፍ አድርጎ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማሳለፍ ይቻላል። መሪው ትንሽ ሲዞር አፍንጫው አብሮ ይዞራል። በ35 ማይል እንኳ ነጂው የሚሠራው ነገር ስላለው አይሰለችም፤ የቅዳሜ መኪና ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሲመጣ ታሪኩ ይለወጣል። ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍሪሲዮን እየረገጡና እየለቀቁ መሄድ ግራ እግርን ያዝላል፤ ከጎን የሚያልፈው የጭነት መኪና ጎማ ከነጂው ጆሮ ትይዩ ነው። የሚያታው የሻንጣ ቦታ 130 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከሐበሻ ሱቅ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት፣ እንጀራና የቡና መጥበሻ ገዝቶ የወጣ ሰው ከፊሉን ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ታዲያ ባለቤቱ የት ትቀመጥ? የሕፃን ወንበር ካለ ደግሞ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አብቅቷል።

ማቆሚያው አንድ ብቻ ለሆነ ቤት፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር፣ መልሱ ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረው የቤተሰብን መኪና ከስፖርት ጋር ስላስታረቀ ነው። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር 315 ፈረስ ጉልበት ይዞ አራት ሰው ከነሻንጣው ይጭናል። ቶዮታ ጂአር 86 በመካከል ይቆማል፤ የኋላ ወንበሩ ለትልቅ ሰው የማይሆን ነው፣ ሲታጠፍ ግን አራት ጎማ ያስገባል፤ ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ባለቤቱ የውድድር ጎማውን ጭኖ ሄዶ እዚያው እንዲቀይር ነው። ጋራዥ ያለው ቤትና አሁንም የሚሠራ አሮጌ ካምሪ ላለው ግን ካምሪውን ሳይሸጡ ያገለገለ ሚያታ መጨመር ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ውድ መኪና ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

አቁሞ ማስቀመጥም ወጪ እንዳለው አይዘንጋ። ሳምንታት የቆመ መኪና ባትሪው ይደክማል፣ ጎማው ከአንድ ወገን ይጠፈጠፋል፣ የፍሬን ዲስኩ ይዝጋል። ለማሞቅ ተብሎ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት የባሰ ነው፤ ዘይቱ በቂ ሙቀት ሳያገኝ እርጥበት ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ከተነሣ ግማሽ ሰዓት ይነዳ። ለሞቃት ወቅት የተሠራ የስፖርት ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ መንገድ መያዝ ይተዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዲሲ ውስጥ በዚያ ጎማ ሥራ መሄድ አደጋ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሌላ ነገር ይመጣል፤ አየሩ ራሱ። ከተማዋ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የሚያታው 181 ወደ 140 አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ ፍጥነት መቀነሻው የመንገድ ጉብታ፣ ብሬከሩ አለ። አብዛኛው የስፖርት መኪና ከመሬት ያለው ርቀት ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነጂው ፍጥነቱን ጨርሶ ያጠፋና መሪውን ያጣምማል፤ አንዱን የፊት ጎማ ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሆዱ ሲፍቅ ጥርሱን ይነክሳል። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን አያቆምም።

የሚያስደንቀው፣ በዚህ ሁሉ መካከል የዕለት መኪናው ራሱ ፈጣን እየሆነ መምጣቱ ነው። እገዳው ያላገዳቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ቢዋይዲውም ሆነ ከቻይና የሚገባው ቮልስዋገን አይዲ 4፣ ሞተራቸው አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበታቸውን አይነካም። ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለምንም ድምፅ ከብዙ ባለ ቤንዚኖች ይቀድማሉ። ፍጥነቱን በሕግ መሞከር ለሚሻም ባለ ስድስት መስመሩ የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ባትሪው ትንሽ ትንሽ ይሞላል፣ ሲመለስ ዳገቱ ያንኑ ያስከፍላል።

የእሑድ መኪናስ? እሱም አለ፤ ስሙ ቮልስ ነው። የቮልስዋገን ቢትል ንድፍ የፈርዲናንድ ፖርሸ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ፖርሸ 356ም በቮልስዋገን ዕቃዎች የተሠራ ነበር። ከ1963ቱ ፖርሸ 911 ጋር የሚያዛምደው ዛሬም ይታያል፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን የተኙ፣ ማቀዝቀዣው አየር። ራዲያተር ስለሌለው ዳገት ላይ ውኃ አይፈላበትም። ባለ 1300 ሲሲው በባሕር ወለል እንኳ ከ40 ብዙም የማያልፍ ፈረስ ጉልበት ስላለው ማንንም አይቀድምም፤ ግን ነጂው ማርሹንም ዳገቱንም እያሰበ ነው የሚነዳው፣ ልክ እንደ ሚያታው። ከአባት የወረሱትን ወይም ከግቢ ጥግ ያወጡትን ቮልስ እንደገና ቀብተውና ቸርኬውን አሳምረው እሑድ የሚያወጡ ወጣቶች ይህን ያውቁታል። አገር ውስጥ ያለ መኪና ስለሆነም የመግቢያ እገዳው አይመለከተውም።

ክረምቱን አገር ቤት የሚያሳልፍና የእሑድ መኪና የሚያምረው ዲያስፖራ ዶላሩን ለቮልስ ቢያውለው የተሻለ ነው። መግዣው ላይ መቸኮል ግን አይገባም። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑንና በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ማየት፣ ቦሎው የታደሰ መሆኑን መጠየቅ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚጎድለው መለዋወጫ መገኘቱን ማጣራት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀለሙ ቢያብረቀርቅም የኋላ ወንበሩ ይነሣ፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው፣ አሲዱ የበላው ወለልም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።