ሁለት መቀመጫ፣ አንድ ተማሪ

አንባቢ ሆይ፤ ወደ አሜሪካን አገር ለመሄድ ዕድል ቢያጋጥምዎ ኒው ዮርክንና ዋሺንግተንን ማየትዎ አይቀርም። ጊዜ ከተረፈዎ ግን ወደ ደቡብ ወርደው በአላባማ ክፍለ አገር የምትገኘውን ተስኪጊን ይጎብኙ። ከተማዪቱ ትንሽ ናት፤ ከእርሷም ወጣ ብሎ ሞተን ፊልድ የሚባል የአይሮፕላን ሜዳ አለ። በዚያ የሚያዩት ሁለት ሃንጋር፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ማማና ከዚያ ወዲያ የተዘረጋ ሣር ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው ከ1998 ዓ. ም. ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአገሩ ሕግ የታሪክ ቦታ ተብሎ ይጠበቃል። ስለ ምን እንደ ተጠበቀ ለመረዳት፣ የመብረር ትምህርት እንዴት ያለ ትምህርት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

እርስዎ የተማሩት ምናልባት አርባና ሃምሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ይሆናል። እንደዚህ ባለ ክፍል ያላጠና ልጅ ከጓደኛው ጀርባ ይደበቃል። በአይሮፕላን ላይ ግን መደበቂያ የለም። በዚህ ሜዳ ይለማመዱበት የነበረው ስቲርማን የተባለው ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ጣራ የሌላቸው ሁለት መቀመጫዎች ብቻ ነበሩት፤ መምህሩ ከፊት፣ ተማሪው ከኋላ ይቀመጣሉ። በሁለቱም ዘንድ መሪና የእግር መርገጫ አለ፤ የአንደኛው ሲንቀሳቀስ የሌላውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ መምህሩ የተማሪውን ፍርሃት በገዛ እጁ ላይ ያገኘዋል። የሞተሩና የነፋሱ ድምፅ ስለሚያደነቁር፣ መምህሩ የሚናገረው እስከ ተማሪው ጆሮ በሚደርስ የጎማ ቧንቧ ነበር። ተማሪው ግን በዚያ ቧንቧ መመለስ አይችልም፤ መልሱ የአይሮፕላኑ አካሄድ ነው።

እንዲህ ያለውን መምህር ማግኘት ለሁሉ እኩል አልነበረም። በ1907 ዓ. ም. በፔንሲልቬንያ የተወለዱት ጥቁር አሜሪካዊ ቻርልስ አልፍሬድ አንደርሰን መብረር ሲመኙ፣ የትምህርት ቤቶቹ ደጅ በቀለማቸው ምክንያት ተዘጋባቸው። የአገራችን የቅኔ ተማሪ መምህር ፍለጋ አኩፋዳውን አንግቶ ወንዝ ይሻገራል፤ አንደርሰን ደግሞ ከዘመድና ከወዳጅ 2,500 ዶላር ተበድረው አሮጌ አይሮፕላን ገዙ። ከዚህም ከዚያም እየቃረሙ ተምረው በ1929 የመጀመሪያውን ፈቃድ አገኙ። ቀጥሎም ኧርነስት ቢዩል የተባሉ ከጀርመን አገር የመጡ አብራሪ አስተማሯቸውና በ1932 ከፍተኛውን የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበሉ።

በ1940 የተስኪጊ ኢንስቲትዩት በአስተማሪነት ቀጠራቸው። ተማሪዎቻቸውም «ቺፍ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ይኸውም «አለቃ» ማለት ነው። በማርች ወር 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት ተስኪጊን ሲጎበኙ፣ አንደርሰን በትንሽ አይሮፕላን ይዘዋቸው በረሩ። ጥቁር ሰው አይሮፕላን ሊነዳ አይችልም ለሚሉት ሁሉ ፎቶግራፉ መልስ ሆነ። በዚያው ዓመት ሞተን ፊልድ ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1946 ድረስም አንድ ሺህ ያህል ጥቁር አብራሪዎች በተስኪጊ ሠለጠኑ።

ይህ ነገር ለእኛም ባዕድ አይደለም። በተስኪጊ የተማሩት ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ አገራችን መጥተው በጣልያን ወረራ ጊዜ በአየር ኃይላችን አገልግለዋል። ከድሉም በኋላ ተመልሰው ለወጣቶቻችን መብረርን ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰባቸው የአይሮፕላን አደጋ ምክንያት ዐረፉ።

ዛሬም በአሜሪካን አገር ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ የመምህርነት ፈቃድ ካለው ከአንድ ሰው ጋር ተስማምቶ መብረርን መማር ይቻላል። በዚህ መንገድ የግል አብራሪነት ፈቃድ የሚሻ ሰው ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር አለበት፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20ው ከመምህር ጋር፣ 10ሩ ደግሞ ብቻውን ነው። ብዙዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ብቻውን የሚበርበትን ቀን የሚወስነው መምህሩ ነው። በተማሪው መዝገብ ላይ ፈርሞለት ከአይሮፕላኑ ይወርዳል። ቸኩሎ ቢወርድ ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ሳይወርድ ቢቀር ደግሞ ልጁ ምንጊዜም አብራሪ አይሆንም። ይህን ልክ ለማወቅ አንዱን ተማሪ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በመሥሪያ ቤትዎ አዲስ ሠራተኛ እንዲያለማምዱ ቢታዘዙም ሚዛኑ ይኸው ነው።

አንደርሰን ከጦርነቱ በኋላ ነጭ ጥቁር ሳይሉ በተስኪጊ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በ1996 ዐረፉ። አንባቢ ሆይ፤ እዚያ የደረሱ እንደ ሆነ ከሃንጋሩ ወጥተው ጥቂት ደቂቃ በሣሩ ዳር ይቁሙ። መምህሩ ከአይሮፕላኑ ወርዶ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ተማሪውን ይጠባበቅ የነበረው በዚያ ነው።