ፍርዱን የሻረው ሐያሲ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በቤቴ የተነሣ አንድ ትንሽ ክርክር ይህን እንድጽፍ ምክንያት ሆነኝ። 16 ዓመት የሞላው ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሊያየው ስላሰበው አዲስ ፊልም ሲያወራ ሰማሁና፥ «እርሱ ፊልም የሚረባ አይደለም፤ ጊዜህን አታጥፋበት» አልሁት። ልጁም ዐንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «አባባ፥ እርስዎ አይተውታል?» ሲል ጠየቀኝ። አላየሁትም ነበር። ያነበብሁት አንድ ሐያሲ በጋዜጣ ላይ የሰጠውን አስተያየት ብቻ ነው። እናቱ ቡና እየቀዳች ፈገግ አለች፤ እኔም መልስ ባጣሁ ጊዜ እንደማደርገው ሁሉ ነገሩን በምክር ሸፋፍኜ ተነሣሁ።

ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፥ ከብዙ ጊዜ በፊት ስለ ሁለት አሜሪካውያን የፊልም ሐያስያን ያነበብሁት ታሪክ ትዝ አለኝ። በማለዳ ለልጄ ነገርሁት፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1967 በኦገስት ወር «ቦኒ እና ክላይድ» የተባለ ፊልም በኒው ዮርክ ከተማ መታየት ጀመረ። ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮው በአሜሪካ የታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት ዘመን ባንክና ሱቅ እየዘረፉ፥ በመኪና ከግዛት ወደ ግዛት እየሸሹ የኖሩ እውነተኛ ወንበዴዎች ነበሩ። ቡድናቸው 13 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ ይነገራል። በ1934 በሉዊዚያና ገጠር መንገድ ላይ አድፍጠው የጠበቋቸው የሕግ አስከባሪዎች በጥይት ጨረሷቸው፤ ሴቲቱ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። የፊልሙ አዘጋጅ አርተር ፔን ሲሆን፥ ዋናዎቹ ተዋንያን ዋረን ቤቲና ፌይ ደናዌይ ናቸው። ሁለቱም መልከ መልካሞች ናቸው፤ ከዘረፋ ሲሸሹም ፈጣን የባንጆ ሙዚቃ ያጅባቸዋል፤ ተመልካቹም ይሥቃል።

በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የፊልም ሐያሲ ቦዝሊ ክራውዘር ይባል ነበር። ወንበሩን የያዘው በ1940 ስለ ሆነ 27 ዓመት ተቀምጦበታል፤ በከተማይቱ ቃሉ ታላቅ ክብደት ነበረው። ክራውዘር ፊልሙን አይቶ እጅግ ተቈጣ። የነፍሰ ገዳዮችን ሥራ እንደ ጨዋታና እንደ ቧልት አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው ብሎ ጻፈ፤ አንድ ጊዜ ጽፎም አልበቃው፥ ተመላልሶ ነቀፈው። አንባብያንም ፊልሙን ደግፈው ለጋዜጣው ደብዳቤ ይልኩ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ክራውዘር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እንደ በደልሁት እቈጥረዋለሁ። ታሪኩን ከሚጽፉት ብዙዎቹ፥ ዘመኑ ያለፈበት፥ አዲስ ነገር የማይገባው ሽማግሌ አድርገው ያቀርቡታል። ነገር ግን ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩትን የኢጣልያ ፊልሞች፥ ይልቁንም «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን፥ ለአሜሪካ ሕዝብ በብርቱ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ሮሴሊኒ የሠራው «ተአምር» የተባለ አጭር ፊልም በ1951 በኒው ዮርክ ግዛት ሃይማኖትን የሚያቃልል ነው ተብሎ የማሳያ ፈቃዱ ሲሰረዝ፥ ይህ ሐያሲ ክልከላውን ተቃውሞ ቆመ። ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1952 ፊልም እንደ መጽሐፍና እንደ ጋዜጣ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ የመናገር ነጻነት አለው ሲል ወሰነ። እንግዲህ ክራውዘር ሁሉን ይታገድ ባይ ሰው አልነበረም። የጠላው ደም እንደ ቀልድ መፍሰሱን ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በኒውአርክና በዲትሮይት ከተሞች ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቶአል፤ የቬትናምም ጦርነት በየማታው በቴሌቪዥን ወደ ሰው ቤት ይገባ ነበር። በዚህ መካከል የተቀመጠ ሰው ቢሠጋ እኔ አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ሐያሲ ጆ ሞርገንስተርን ይባላል፤ ኒውስዊክ ለተባለው ሳምንታዊ መጽሔት የሚጽፍ፥ ከክራውዘር በዕድሜ እጅግ የሚያንስ ሰው ነው። እርሱም በመጀመሪያ ጽሑፉ ፊልሙን ክፉኛ አጣጣለው፤ አእምሮ ለጐደላቸው ሰዎች የተሠራ ተራ የተኩስ ፊልም ነው እስከ ማለት ደረሰ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ግን ባለቤቱን ይዞ፥ ተራው ሕዝብ በተቀመጠበት ሲኒማ ቤት ፊልሙን እንደ ገና አየው። በሚቀጥለውም ሳምንት በዚያው መጽሔት የቀድሞው ፍርዱ ከሚዛን የወጣና ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ፥ እርሱንም በመጻፉ እንደሚያዝን ለአንባቢው ሁሉ ገለጠ። ሳይሸፋፍን፥ ሌላ ሰው ላይ ሳያላክክ ጻፈው። ከፊልሙም የተረዳውን ሲናገር፥ ግፍ የአውሬ መሰል ሰዎች ሥራ ብቻ ሳይሆን፥ ጎረቤት ከሚመስሉ ተራ ሰዎችም እጅ በቀላሉ እንደሚወጣ አሳየኝ አለ።

የጋዜጣ ሐያሲ ብዙውን ጊዜ ፊልሙን የሚያየው ለሕዝብ ከመታየቱ አስቀድሞ፥ ጥቂት ጋዜጠኞች ብቻ በተቀመጡበት አነስተኛ አዳራሽ ነው። ወዲያው ይጽፋል፤ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቀዋል። የሕዝቡ ሣቅና ዝምታ ሳይሰማ ይፈርዳል ማለት ነው። ይህ ለብዙ ፊልም ጉዳት የለውም ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን አለው።

እኔ ፊልሙን ያየሁት ብቻዬን፥ ዘግይቼ፥ በኮምፒዩተር ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘራፊዎቹ ባንክ ገብተው ሳለ ሾፌራቸው ሞኝነት ይዞት መኪናውን ጠባብ ቦታ አስገብቶ ያቆመዋል፤ ሲወጡም መኪናው ከመካከል አልወጣ ይላል። ያሥቃል፤ እኔም ሣቅሁ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ የባንክ ሠራተኛ ሮጦ መጣና በመኪናው መረገጫ ላይ ተንጠለጠለ፤ ክላይድም በመስኮቱ በኩል ፊቱ ላይ ተኰሰበት። ሣቄ በጉሮሮዬ ቀረ። ብቻዬን ሆኜ እንዲህ ከሆንሁ፥ አምስት መቶ ሰው ባንድነት ሲሥቅ ቆይቶ ባንድነት ጸጥ በሚልበት አዳራሽ ውስጥ ምን ይሰማ ይሆን? እኔ እንደ መሰለኝ፥ ክራውዘር የሰማው ሣቁን ነው፤ ሞርገንስተርን ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ የሣቁን መቈረጥ ሰማ። በመጨረሻ ጥይት በዝግታ ሲዘንብባቸው የሚታየውን ግን አልወደድሁትም፤ ሞትን እንዲህ አሳምሮ ማሳየት ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዚህ ክራውዘርን ብቻውን አልተወውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። በኦክቶበር ፖሊን ኬል የተባለች ጸሐፊ በኒው ዮርከር መጽሔት ረጅም የድጋፍ ጽሑፍ አወጣች። ታይም መጽሔትም በመጀመሪያ ነቅፎት ሳለ በዲሴምበር በሽፋኑ ላይ አወጣው። ፊልሙ ለ10 የኦስካር ሽልማት ታጭቶ 2 አገኘ። ክራውዘር በ1968 መጀመሪያ ወንበሩን ለሬናታ አድለር ለቀቀ። ሞርገንስተርን ግን በሐያሲነቱ ቀጥሎ በ2005 የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ፤ የተሳሳተ ፍርዱን በገዛ እጁ መሻሩ እንጀራውን አላሳጣውም።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፥ «ታዲያ የእኛውን ፊልም እንየዋ!» አለኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን አየነው። ፍርዴ አልተለወጠም፤ ፊልሙ የሚረባ አልነበረም። ነገር ግን የትኛው ቦታ ላይ ውሸት እንደ ሆነ፥ የትኛው ተዋናይ ያልተሰማውን እንደሚያለቅስ ላሳየው ቻልሁ፤ እርሱም ሁለቱን ተቀብሎ በአንዱ ተከራከረኝ።

ስለ ሞርገንስተርን ስተርክ ግን የምሸሸው አንድ ነገር ነበረኝ። በቅኔ ቤት ሳለሁ ተማሪው ሌሊት የቈጠረውን ቅኔ ለየኔታ የሚነግረው በጉባኤ መካከል ነው፤ እርማቱም ምስጋናውም በጓደኞቹ ፊት ይሰጣል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ፍርድ በመዝገብ ይጻፋል። ከ12 ዓመት በፊት በ8ኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር፥ አንድ ልጅ ስለ አያቱ ሞት ድርሰት ጻፈ። የአያቱ እንዝርት ግማሽ ፈትል እንደ ያዘ በግድግዳው ላይ ተሰክቶ እንደ ቀረ፥ ማንም ሊያወርደው እንዳልደፈረ ይናገራል። እኔም፥ «ይህ የልጅ ሥራ አይደለም፤ ከየት ገለበጥኸው?» ብዬ 52 ተማሪዎች እየሰሙ ዜሮ ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በፈተና ቀን፥ ከፊቴ ተቀምጦ፥ ያንኑ የመሰለ ሌላ ድርሰት ጻፈ።

ወደ መምህራን ክፍል ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ዜሮውንም ሰርዤ 18 ከ20 ጻፍሁ። ልጁም መዝገቡን አይቶ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፤ ለእነርሱስ ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አልሁት።

በማግሥቱ ወደ ክፍሉ ገብቼ ሰዋስው አስተማርሁ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ልጁ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ጥቂት ቀን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ ኋላ ግን ማየቱን ተወ።