ማን አየ? መቼ? የቱ ጋ? ከአፋር በረሃ የያዝነው ስንቅ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ሲሄድ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ጎማ ይታያል፣ ዘይት ይለካል፣ ስንቅ ይቋጠራል፣ የመንገድ ዱዓ ይደረጋል። ሲመለስ ግን ልብ ከመኪናው ቀድሞ ቤት ይገባል። የቸኮለ ልብ ደግሞ የመጣለትን ወሬ ሁሉ ያምናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ መሄድ ሳይሆን ስለ መመለስ ነው።

ባለፈው ክረምት ስድስት ሆነን ከኮምቦልቻ ተነስተን እስከ ሐረርና ጅግጅጋ ድረስ ዑለማዎችን ዘየርን፣ መድረሳዎችን ጎበኘን። 23 ቀን ፈጀብን። የሆቴል አቅም ስላልነበረን የአንዱን ወንድማችንን ሚኒባስ ቤት አደረግነው። የኋላ ወንበሮቹ ተነቀሉ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ቡታጋዝና ድስት ገባ፣ ጣሪያው ላይ አራት ጄሪካን ውሃ ታሰረ። ማታ መስኮቱን በሽርጥ ጋርደን ግማሻችን ውስጥ፣ ግማሻችን ውጭ ምንጣፍ ላይ እናድራለን። ልጆቹ መኪናውን «ቤታችን» ብለው ጠሩት።

ታዲያ ከመካከላችን ትንሹ ልጅ አንድ ቀን፣ «ኡስታዝ፣ ቤታችን አብሮን ከሄደ እኛ መንገደኛ ነን እንዴ? ሶላት ማሳጠር ይፈቀድልናል?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። የፊቅህ ሊቃውንት ድሮ ከቤተሰቡ ጋር መርከብ ላይ ስለሚኖር መርከበኛ ተነጋግረውበታል። ኢማም አሕመድ፣ ሌላ መኖሪያ የሌለው እንዲህ ያለ ሰው ሶላቱን አያሳጥርም ብለዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ማሳጠር ይችላል፣ መሙላቱ ግን ይሻለዋል። እኛ ግን የምንመለስበት ቤት፣ የሚጠብቀን ቤተሰብ አለን። ፍራሽና ድስት ስለጫንን ብቻ ነዋሪ አንሆንም።

እውነተኛውን ተጓዥ ቤት ያየነው ስንመለስ ነው። ከድሬዳዋ በሚኤሶ አድርገን አዋሽ ደረስንና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሌ ታጠፍን። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት ተሳቢዎች የሚርመሰመሱበት መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ድንጋይ፣ እሾህ። በዚያ መሀል የአፋሮቹ ክብ ጎጆ፣ ደቦይታ የሚሉት፣ እዚህም እዚያም ይታያል። እንጨቱ ቆልመም ተደርጎ ይተከላል፣ ላዩ ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሰራ ሰሌን ይለብሳል። የሚሰሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶቹ ናቸው። ሳርና ውሃ ሲያልቅ ጎጆው ይፈታል፣ ግመል ላይ ይጫናል፣ ጉዞ ይቀጥላል። እኛ በ23 ቀን «ቤታችንን ይዘን ዞርን» ብለን ልንኮራ ነበር። እነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ይኖራሉ።

የበረሃ ንዳት የራሱ አደብ አለው። ሹፌራችን መንገዱን ስለሚያውቀው ፈጅርን ሰግደን እንነሳለን፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልገን እንቆማለን። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሳይግል ነው። ሞተር ሲግል ራዲያተር አይከፈትም፤ ቆሞ ማብረድ ነው። ሌሊት ደግሞ አይነዳም። ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ የተበላሸ ተሳቢ ያለ መብራት ይቆማል። አንደኛው ልጅ ግን ይህ ሁሉ አልታየውም። እናቱ ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ኦፕሬሽናቸው በማግስቱ ነው። ስልኩን ከእጁ አያወርድም።

ገዋኔ ላይ፣ የአየሉ ተራራ ከሩቅ እየታየን ለዙህር ቆምን። በዚያው ሰዓት ነው ስልኩ ላይ መልእክት የደረሰው፦ «ሚሌ አካባቢ ድልድይ በጎርፍ ተወስዷል፣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፣ ለሌሎች አድርሱ!» ይላል። የጻፈው ሰው አይታወቅም፣ ቀን የለውም። ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ ወደ አዋሽ ተመልሰን በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን እንዙር አለ፤ ይህ ማለት ሌሊቱን ሙሉ መንዳት ነው። ሌላው ዝም ብለን እንቀጥል አለ። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ።

በዚህ መሀል አንድ የአፋር አዛውንት ፍየሎቻቸውን እየነዱ ከሰሜን በኩል መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከእኛ አንዱ ባቲ ያደገ ስለሆነ አፋርኛ ይችላል። አዛውንቱ ቁጭ አሉና ዳጉ ተጀመረ።

ዳጉን ሰምታችሁ ይሆናል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ፣ ግጦሽ፣ በሽታ፣ ሰላም፣ የሞተ፣ የተወለደ። ትክክለኛ ወሬ ማድረስ ግዴታ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ይዋረዳል። እሳቸውም መጀመሪያ እኛን ጠየቁ። ከየት ተነሳችሁ? ምን አያችሁ? አዋሽ ሞልቷል? ከብት ታሟል? ችኩሉ ልጃችን ቁጭ ብሎ መመለስ አቃተው፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ከዚያ የራሳቸውን ነገሩን። የባቲው ልጅ ሲተረጉም እንዲህ ሆነ፦

«ድልድይ አልተወሰደም። ከሚሌ ወዲህ ያለ ደረቅ ወንዝ ነው አስፋልቱን ያቋረጠው። ትናንት ዐስር ላይ መጣ። ይህን ያየው የወንድሜ ልጅ ነው። ሌሊት ጎደለ ብሎ የነገረኝ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፣ እሱን በዓይኔ አላየሁም። ዛሬ ጠዋት ጎማቸው ጭቃ የሆነ መኪናዎች ሲመጡ ግን ራሴ አይቻለሁ። ተራራው ዛሬም ጠቁሯል። ከዐስር በፊት ካልደረሳችሁ ወዲህ ማዶ እደሩ።»

ሱብሃነላህ! ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ የገመተውን ለብቻ። እኛ መድረሳ ስለ ሐዲስ ዘጋቢዎች፣ ማን ከማን ሰማ እያልን ስንማር ኖረናል። እዚያ በረሃ ላይ ይህንኑ ጥንቃቄ በአንድ ፍየል ጠባቂ አንደበት ሰማነው። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ የተባልነውም ለዚህ ነው፤ ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት።

ከሰሜን የመጣ አንድ የተሳቢ ሹፌርም ጠየቅን፤ ነገሩ ገጠመ። ዙህርና ዐስርን ጀምዕ አድርገን ተነሳን። ብዙም ሳንርቅ የፕሮሶፒስ እሾህ ጎማችንን በሳው። ያ ዛፍ አካባቢውን ወሮታል፤ ፍየሎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ያዛምቱታል። ጎማ ቀይረን ወንዙ ጋ ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ጠብታ አልጣለም። ውሃው ግን እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ፣ ግንድ እየጎተተ አስፋልቱን አቋርጦ ይሄዳል። የዘነበው በምዕራብ፣ የእኛው ወሎ ደጋ ላይ ነው። ተሳቢዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ችኩሉ ልጃችን፣ «ጉልበት ድረስ ነው፣ እንለፍ!» እያለ ሹፌሩን ይለምናል። ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ልጁ ትንሽ ኔትወርክ አግኝቶ እናቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማናቸው። «ልጄ፣ እኔን ዶክተሮች አሉልኝ፣ ከነሱም በላይ አላህ አለልኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ያንተ መንገድ ነው። እደር» አሉት። ዝም አለ። ያን ሌሊት ከሹፌሮቹ ጋር ሻይ አፍልተን ተካፈልን፤ «ቤታችን» ስድስት ሳይሆን አስር ሰው አስተናገደ።

ለፈጅር ስንነሳ ውሃው ወርዶ ጭቃና ድንጋይ ቀርቷል። ተሳቢዎቹ ቀድመው አለፉ፣ እኛም ተከተልን። ሚሌን አልፈን ወደ ባቲ ዳገቱን ስንጀምር አየሩ ቀዘቀዘ፣ ማሽላው አረንጓዴ ሆነ። ልጁን ደሴ ስናደርሰው እናቱ ከኦፕሬሽን ክፍል ወጥተው ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናቸው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኛ ጉዳዩን ሲጨርስ ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን መክረዋል። መፍጠን ማለት ግን በጎርፍ ውስጥ መግባት አይደለም። ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰውየውን እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ዳጉ አለ። ልዩነቱ፣ የአፋሩ ዳጉ ተናጋሪ አለው፤ የእኛው ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም። ስለ መንገድ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሰው ክብር ወሬ ሲደርሰን ሦስቱን እንጠይቅ፦ ማን አየ? መቼ? የቱ ጋ? መልስ ከሌለው እኛ ጋ ይቁም። የሰማውን ሁሉ ማውራት ለሰው ውሸት እንደሚበቃው ረሱላችን አስተምረውናል።

አላህ መንገደኛን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልን፣ ምላሳችንንም ይጠብቅልን። አሚን!