የእንዶድ አረፋና ሕያው ሕዋስ



በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ «ሳፖኒን» የሚል የተለጠፈበት ጠርሙስ አለ። መምህራችን «ለስላሳው ሳሙና» ይሉታል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ከዚሁ ከሳፖኒን ዘር ነው። ለመሆኑ ለስላሳነቱ ለማን ነው?

ሕያው ሕዋስ ሁሉ ሜምብሬን በሚባል የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር መቶ ሺኛ አይበልጥም። የሳፖኒን አንዱ ወገን ውሃን፣ ሌላው ቅባትን ይወዳል። የልብስን እድፍ የሚያስለቅቀው በዚህ ጠባዩ ነው። ሕዋስ ሲያገኝም በሽፋኑ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ቀዳዳ ይከፍታል። ቀይ የደም ሕዋሳት በያዘ የጨው ውሃ ላይ ሲጨመር፣ ድፍርሱ ፈሳሽ እንደ ካርካዴ ይጠራል፤ ሕዋሳቱ ተበስተው ሄሞግሎቢናቸው ፈሷል ማለት ነው። እንደ ትራይተን ኤክስ-100 ያሉት ብርቱዎች ሽፋኑን ራሱን ያሟሙታል። በጥቂቱ የተመጠነ ሳፖኒን ግን አብዛኛውን የውስጥ አካል ሳያፈርስ በር ብቻ ይከፍታል፤ ተመራማሪዎችም በዚያ በር ፀረ አካላትን ያስገባሉ።

እንግዲህ ለስላሳነት የመጠንና የሽፋን ጉዳይ ነው። የአጣቢዋን እጅ የሞቱ ሕዋሳት የተነባበሩበት የላይኛው ቆዳ ይጋርድላታል። ቀንድ አውጣና ዓሣ ይህ ጋሻ የላቸውም። የሰው አንጀትም የለውም፤ ስለዚህ እንዶድን ለኮሶ ትል ወይም ፅንስ ለማስወረድ መጠጣት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ሞተው አገኙ። ያንን ተከትለው ባደረጉት ምርምር፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ከእንዶድ ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱም «ለማቶክሲን» ይባላል።

ያ ምርምር የተጀመረው በጠርሙስ አልነበረም፤ ከወንዝ ዳር ነበር። ስለዚህ ለዕረፍት አገር የምንገባ ሁሉ፣ ቅጠልና ሥር የሚያውቁትን እናቶችና አባቶች ቀርበን እንጠይቅ፦ ምን ያህል? ለምን? ከዚያስ ምን ሆነ? መልሱን ጽፈን ወደ ቤተ ሙከራችን እንመለስ። የሚጠቅመውን ከሚገድለው ለይተን ለወገናችን መንገር የተማርንበት ዕዳ ነው።