ጄክ ዳንኤልስ ለእናቱ የነገራት ቀን

ጄክ ዳንኤልስ ልቡ ወደ ወንድ እንደሚያደላ ሲያውቅ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በ7 ዓመቱ የእንግሊዙ ብላክፑል ታዳጊ ቡድን ገባ። ከዚያ በኋላ ኳሱንም መደበቁንም አብሮ ተማረ። ሰው እንዳይጠረጥረው ሲል የሴት ጓደኛ የያዘበት ጊዜም ነበር።

በመጨረሻ ለእናቱና ለእህቱ ነገራቸው። በማግስቱ ከአክሪንግተን ጋር ሲጫወቱ አራት ጎል አገባ። ግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) በ17 ዓመቱ ለሕዝብ ተናገረ።

እንግሊዝ ውስጥ እየተጫወተ ይህን በይፋ የተናገረ ወንድ ፕሮፌሽናል ከ1990 ወዲህ አልነበረም። ያኔ የተናገረው ጀስቲን ፋሻኑ ነው፤ በብሪታንያ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለበት የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። የገዛ ወንድሙ ጆን በአደባባይ ካደው፤ የተጸጸተው ኋላ ነው። ጀስቲን በ1998፣ በ37 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ሁለቱም ደፋሮች ነበሩ። የለያያቸው አንድም ዘመን ነው፤ አንድም ቤተሰብ። ዘመንን ማንም ወላጅ ብቻውን አይለውጥም። ልጁ እውነቱን ሲናገር ከቤት የሚሰማው መልስ ግን በወላጅ እጅ ነው። ብዙ ልጆች ደግሞ ያንን መልስ ስለሚፈሩ ብቻ ዝም ብለው ያድጋሉ።