የእነሱ ምሽት፣ የእኛ ሌሊት፦ ስለ ፖይንት ጋርዶች ደረጃ

ዛሬ፣ በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ. 2025)፣ የፍሬድ ቫንቭሊት ዜና ከወጣ ጀምሮ የዕለታዊ ኤንቢኤ ፋንታሲ ግሩፓችን አላረፈም። የጉልበቱ ኤሲኤል ጅማት ተበጥሷል፤ ዓመቱ ሳይጀመር ሊያልቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ድራፍት ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ከቶሮንቶ ጋር ዋንጫ ያነሳ፣ በዚህ ክረምት ደግሞ ከሂውስተን ጋር ለ2 ዓመት በ50 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ሰው ነው። ያሳዝናል፣ ከልብ ያሳዝናል። እኛ ግን «አይዞህ» ብለን ሳንጨርስ ወደ ሒሳቡ ገባን፦ «ተቀያሪውን ሪድ ሼፓርድን አሁን ስንተኛ እናድርገው?» ደመራ እንኳ አልተለኮሰም፣ ሊጉ ሊጀመር ወር ይቀረዋል፣ የፖይንት ጋርዶች ደረጃ ግን ከየአሜሪካው ባለሙያ እየተቀዳ ይለጠፋል። እኔ ከዝርዝሮቹ ጋር ያለኝ ጠብ እከሌን ከእከሌ አስበለጡ የሚል አይደለም። ዝርዝሮቹ የተሠሩት ለእኛ አይደለም ነው የምለው። የተሠሩት ጨዋታ ሲጀመር ነቅቶ ስልኩን ለያዘ ሰው ነው። ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ያለውም አዲስ አበባ ቦሌ ያለውም ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ፖይንት ጋርዶችን በሌላ መለኪያ መደርደር አለበት።

ሰዓቱን አስሉት። ሊጉ የሚከፈተው ማክሰኞ ጥቅምት 11 ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ ሂውስተን ከኦክላሆማ ሲቲ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል። አሜሪካኖቹ ጥቅምት 23 ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ በኒውዮርክ ምሽት 1 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ቡድኖች የጉዳተኞችን ዝርዝር የሚያሳውቁት በዋዜማው እስከ 11 ሰዓት፣ ትናንት ተጫውተው ዛሬም የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ በዕለቱ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ በየከተማቸው አቆጣጠር። ያንን እኛም ሳንተኛ እናየዋለን። ጣጣው «አጠራጣሪ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ነው። የእሱ ቁርጥ የሚታወቀው አሰልጣኙ ቋሚ አምስቱን ሲያስገባ ነው፤ ይህም ጨዋታው ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ማን ነቅቶ ያንን ያያል? ያላየ ሰው የማይጫወት ፖይንት ጋርድ አሰላለፉ ውስጥ እንዳለ ያድራል፣ ሲነቃ ዜሮ ይጠብቀዋል፤ ለተጫዋቾች መግዣ ከተሰጠው የደሞዝ ጣሪያ ላይ ያባከነው የጨዋታ ገንዘብም አይመለስም።

ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ያመጣል?» ሳይሆን «መጫወቱን ተኝቼም ላምነው እችላለሁ?» መሆን አለበት። የሻርሎቱን ላሜሎ ቦልን ውሰዱ። የአሜሪካኖቹ ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲጫወትም ይገባዋል፤ ባለፈው ዓመት በአማካይ 25 ነጥብና ከ7 በላይ አሲስት ነበረው። ግን ባለፉት ሦስት የውድድር ዓመታት የተጫወተው 36፣ 22 እና 47 ጨዋታ ነው፤ ከ246 ውስጥ 105። ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በዚያው ጊዜ 68፣ 75 እና 76 ተጫውቷል፤ 219። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፦ በየቀኑ አዲስ አሰላለፍ በምንሠራበት ጨዋታ ሁለት ወር የተኛ ተጫዋች ማንንም አይጎዳም፣ መጎዳቱን ስለምናውቅ አንመርጠውም። እውነት ነው፤ ለዓመቱ ሙሉ በሚመረጥበት ፋንታሲና በዕለታዊው መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። የሚጎዳን ግን ሁለት ወር የተኛበት ጊዜ ሳይሆን የተመለሰበት ወር ነው። ከጉዳት የተመለሰ ሰው ደቂቃው ይቆጠርበታል፣ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ሲመጣ አንዱን ያርፋል፣ «አጠራጣሪ» የሚለው ቃል ከስሙ አጠገብ አይጠፋም። ብዙ የሚጎዳ ሰው ብዙ የሚመለስ ሰው ነው። ሊጉ ለሽልማት ለመታጨት 65 ጨዋታ ያስፈልጋል የሚል ሕግ በ2023 ማውጣቱም መልስ አይሆንም፤ ሕጉ ጤነኛውን እንዳያርፍ ያደርገው ይሆናል እንጂ የተጎዳ ቁርጭምጭሚት አያድንም።

በነገራችን ላይ የግሩፑ ዲሲ ያሉ ልጆች በየወሩ የሚያሸንፉት ከእኛ የበለጠ ቅርጫት ኳስ ስለሚያውቁ ነው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይብቃ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ቡናቸውን ይዘው፣ ቋሚ አምስቱ ሲወጣ ይቀያይራሉ። እንወዳቸዋለን፣ ደግሞም ጎበዞች ናቸው፤ ግን ነቅቶ መገኘት እውቀት አይደለም። የእነሱን ዝርዝር እየቀዳን ከእነሱ ጋር ከተወዳደርን ሁሌም እንደተበለጥን እንኖራለን።

ጂኦግራፊው ግን ለእኛም የሚያዳላበት ቦታ አለው፣ ይህን ማንም ሲያነሳው አላየሁም። ሎስ አንጀለስ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀመር ጨዋታ ከጥቅምት 23 በኋላ ናይሮቢ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ቋሚ አምስቱ የሚታወቀው 12 ሰዓት ላይ፣ እዚህ ኪሌሌሽዋ የትምህርት ቤት ሰርቪስ በየፎቁ በር ጥሩምባ በሚነፋበት ሰዓት። ያኔ ሁላችንም ነቅተናል። ጨዋታው ያልተጀመረ ተጫዋች በሌላ ሊቀየር ስለሚችል፣ የምዕራቡ ዳርቻ ፖይንት ጋርድ ለእኛ ከምሥራቁ ይልቅ የተረጋገጠ ነው፤ ለኒውዮርክ ሰው ግን የምዕራቡ ጨዋታ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነው። እንግዲህ ሉካ ዶንቺች፣ ጄምስ ሃርደን፣ ስቴፈን ከሪ፣ በ2025 ክረምት ሳክራሜንቶ የገባው ዴኒስ ሽሮደርም ጭምር በእኛ ዝርዝር ላይ ከፍ ማለት አለባቸው። ከሪ 37 ዓመቱ ነው፣ አንዳንድ ሌሊት ያርፋል፤ ማረፉን ግን በሜዳው ሲጫወት ጥርሳችንን እየቦረሽን እናየዋለን። ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ጥቅሙ ይቀራል፣ ስለዚህ ደረጃው እንደ መርሃ ግብሩ ይቀያየራል። ይቀያየር፤ ዕለታዊ የሚባለው ለዚህ አይደል?

ስለ ዝርዝር ካነሳን አይቀር የካርሊክ ጆንስ ነገር ያንገበግበኛል። በ2023 የዓለም ዋንጫ ላይ በአሲስት ከሁሉም የበለጠው የደቡብ ሱዳኑ ፖይንት ጋርድ ነበር፤ በጨዋታ 10.4። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ለንደን ላይ፣ ሌብሮን ባለቀ ሰዓት ባያስገባ ኖሮ ደቡብ ሱዳኖች አሜሪካን ሊጥሏት ነበር፤ 101 ለ100። በዚያ ጨዋታ ጆንስ 15 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድ፣ 11 አሲስት አስመዘገበ። ከታች በምዘረዝረው የግሩፑ አቆጣጠር፣ ስቲል፣ ብሎክና ተርንኦቨር ሳይገባ፣ 44.7 ማለት ነው። በ2023 የጂ ሊግ ኮከብ ተብሎ ተመርጧል፣ ኤንቢኤ ግን ከጥቂት ጨዋታ በላይ አልሰጠውም። እሺ፣ ሠላሳ ክለብ ቦታ የለኝም አለ፤ እኛስ? ሻርሎት ሦስተኛ ተቀያሪ ሆኖ ስለሚቀመጥ ልጅ የድምፅ መልእክት እየተላላክን፣ የጎረቤታችንን ቡድን ስም በትክክል የሚጠራ አጣን። እዚያው ቡድን ውስጥ የነበረው ኑኒ ኦሞት ናይሮቢ የተወለደ፣ ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ የተሰደደ ልጅ ነው፤ በ2023 የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የዓመቱ ኮከብ ሆኗል። በ2025 ናይሮቢ ሲቲ ተንደር ከኬንያ የመጀመሪያው ክለብ ሆኖ እዚያ ሊግ ገብቶ ኪጋሊ ላይ ተጫወተ፣ በእኛ ሰዓት፣ እኛ ነቅተን ባለንበት። ግሩፑ አንድም አሰላለፍ አልሠራም። ቢያንስ ለዚያ ሊግ ከዲሲ ልጆች እኩል ነቅተን መወዳደር እንችል ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ ነው፣ ወቀሳውም ይገባናል።

ወደ ሼፓርድ ልመለስ። መጫወቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው መለኪያ ኳሱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። የምንጠቀመው የፋንዱኤልን አቆጣጠር ነው፤ ነጥብ 1፣ ሪባውንድ 1.2፣ አሲስት 1.5፣ ስቲልና ብሎክ 3፣ ተርንኦቨር ደግሞ 1 ይቀንሳል። በዚህ አቆጣጠር ዝና ይቀልጣል። ጄለን ብራንሰን ባለፈው ዓመት 26 ነጥብ፣ 7.3 አሲስትና 2.9 ሪባውንድ ነበረው፤ በሦስቱ ብቻ 40.4 ያህል ይሆናል። ጆሽ ጊዲ 14.6 ነጥብ፣ 7.2 አሲስት፣ 8.1 ሪባውንድ፤ 35 ያህል። በነጥብ ብቻ ከ11 በላይ የነበረው ልዩነት ወደ አምስት ወረደ፣ ስቲልና ብሎክ ሲጨመር ይበልጥ ይጠባል። የደሞዙ ልዩነት ግን እንደ ስማቸው ነው የሚተመነው። ቫንቭሊት 35 ደቂቃና 5.6 አሲስት ትቶ ሄደ፤ ብዙዎቻችሁ ይህ ሁሉ ለሼፓርድ የሚወረስ ይመስላችኋል። ሼፓርድ ባለፈው ዓመት በጨዋታ 12.6 ደቂቃ የተጫወተ ልጅ ነው። ኳሱን የሚከፋፈሉት አምስት ያህል አሲስት የነበረው ሼንጉን፣ አዲስ የመጣው ዱራንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሜን ቶምፕሰን ናቸው። ቶምፕሰን ኳሱ ሙሉ በሙሉ በእጁ ሳይሆን እንኳ 14.1 ነጥብ፣ 8.2 ሪባውንድ፣ 1.4 ስቲል፣ 1.3 ብሎክ ነበረው። ስቲልና ብሎክ ሦስት ሦስት በሚቆጠርበት ጨዋታ ይህ ሰው ኳስ አቀባይ ከሆነ ዋጋው ከመወደዱ በፊት መያዝ ያለበት እሱ ነው። የኢንዲያናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሃሊበርተን በሰኔው ሰባተኛ የፍጻሜ ጨዋታ የአኪሌስ ጅማቱ ተበጥሶ በጨዋታ 9.2 አሲስት ባዶ ቀርቷል፤ አንድሪው ኔምባርድ ቋሚ ነው፣ ኳስ መያዝም ለምዷል፣ አጠገቡም ሼንጉን ወይም ዱራንት የለም። ስለ ወራሽ የምናወራ ከሆነ እሱ ወራሽ ነው።

«አስተማማኝ ሰው ብቻ ይዞ ውድድር አይበላም» የሚለውን አልረሳሁትም። አሥር ሺህ ሰው በሚገባበት ውድድር አንደኛ ለመውጣት ማንም ያልያዘውን፣ ሊፈነዳም ሊወድቅም የሚችለውን ሰው መያዝ ግድ ነው፤ እዚያ ላሜሎን እኔም እይዛለሁ። የእኛ ግሩፕ ግን ትንሽ ነው፣ ነጥቡም በወር ተደምሮ ነው የሚታየው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ በወር ሦስት ዜሮ የያዘ ሰው አንድ ሌሊት 70 ቢያመጣም አይነሳም። «ነቅታችሁ አትጠብቁም ወይ?» ለሚለው ደግሞ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ሰው ፋንታሲ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን የምለው ስለምወዳችሁ ነው፣ ገንዘብ የሌለበት ጨዋታ ጤና ሊያስከፍል አይገባም።

እንግዲህ ዝርዝሬ፦ ሻይ አንደኛ፤ 32.7 ነጥብ፣ 76 ጨዋታ፣ ክርክር የለውም። ሉካ ሁለተኛ፤ ባለፈው ዓመት 50 ብቻ መጫወቱን አውቃለሁ፣ ግን ዘንድሮ ክብደት ቀንሶ በዩሮባስኬት 34.7 ነጥብ እያስቆጠረ መጥቷል፣ የሎስ አንጀለሱን ጨዋታ ደግሞ ነቅተን እናየዋለን። ኬድ ካኒንግሃም ሦስተኛ። ሃርደን አራተኛ፤ በ36 ዓመቱ ያረጀ የሚመስላችሁ፣ ባለፈው ዓመት 79 ጨዋታ የተጫወተ ሰው ነው፣ ያውም በምዕራቡ። ትሬ ያንግ አምስተኛ፤ 11.6 አሲስቱ ተርንኦቨሩን ይሸከመዋል። ጊዲ ከብራንሰን በላይ፣ በዋጋው ምክንያት። ከሪ ስምንተኛ፣ በሜዳው ሲጫወት ስድስተኛ። ቶምፕሰን በፖይንት ጋርድ ከተመዘገበ ወዲያው ከከሪ ቀጥሎ ይግባ፣ ኔምባርድ ይከተለዋል። ላሜሎን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ሻርሎት ወደ ምዕራብ ለሚጓዝባቸው ቀናት ብቻ ነው። ሼፓርድን የልምምድ ጨዋታዎቹን ሳላይ ሃያ ውስጥ አላስገባም፣ ማንም ቢጮህ።